ሠላሳ አራት ቁጥር

የማልያ አጣቢ ነኝ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ሰው የማውቀው በጭቃው ነው፣ በአንገትጌው ላበት።
ደፋሩ ከደረቱ ቆሽሾ ይመጣል፤
ፈሪው ከጀርባው ነው፤ እሱን ማጠብ ይቀላል።

አገሩ ሰሜን እንግሊዝ፣ የባሕር ዳርቻ፤
ከሰሉ አልቆ የቀረው ጉድጓዱና ነፋሱ ብቻ።
ራግቢ ማለት እዚህ ዐሥራ ሦስት ሰው ነው፤
"ዐሥራ አምስት" የሚል እንግዳ ቢመጣ
በትሕትና አርመን ባቡር ጣቢያውን ነው የምናሳየው።

ኤሊስ ቲኒየን የመጣው በጥር ነው፣ ማክሰኞ ቀን፤
ጆሮው ገና ጆሮ፣ አፍንጫው ገና ቀጥ፣ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት።
አባቱ በኒውክሌር ጣቢያው መወጣጫ የሚያቆም፣
ከጆሮው ላይ እስኪብርቶ አውርዶ ለፊርማው አዋሰው።
"አንብበው" አለው።
ልጁ አላነበበውም።

እኔም ከመደርደሪያው ነጭ ማልያ አወረድኩ፣
ሠላሳ አራት ቁጥር በካውያ ለጠፍኩ።
ከአንድ እስከ ዐሥራ ሦስት ለተመረጠው ነው፤
እስከ ዐሥራ ሰባት ወንበር ለሚያሞቀው፤
ሠላሳ አራት ማለት
"ስምህን ሰምተናል፤ ቆይ፣ እናይሃለን" ነው።
ሰፍቶት ነበር። ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና
"ይሞላል" አለ፣ መስታወት ሳያይ ገና።

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ብረት ያነሣል፤
ከሰዓት ለታላላቆቹ የመምቻ ከረጢት ይሸከማል፤
ማታ በእናቱ ሚዛን ዶሮና ሩዝ ይመዝናል፤
ቅዳሜ ከረባት አስሮ ከጣራው ሥር ይቆማል፤
ሜዳ ላይ ሲጋጩ፣ እሱም ባዶ አየር በትከሻው ይገፋል።
አራት ወር ሙሉ ማልያው ንጹሕ።
እንደ ንጹሕ ማልያ የሚያሳዝን ምን አለ?

በግንቦት አንድ ዓርብ ሁለቱ ተሰብረው፣ አንዱ ተቀጥቶ፣
አሰልጣኙ ቢዞር ከወንበሩ ጫፍ ያ ልጅ ብቻ ቀርቶ፤
"ስምንት ደቂቃ ነው። ሌላው ይቅርብህ፤ ኳሷን ብቻ እንዳትጥላት።"
ገባ።
የመጀመሪያዋን ኳስ ጣላት።

ሦስት ሺህ ሰው ባንድ ትንፋሽ አቃሰተ።
ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ፣ የሥጋ ፓዩን እንደያዘ፣
"የማን ልጅ ነው?" አለ።
ከዚያ የእነዚያ ሳሞአዊ፣ መቶ ሃያ ኪሎ፣ ኳሷን አቅፎ መጣ፤
ልጁ ከጉልበቱ ሥር ገባ፤ ሁለቱም ጭቃ ውስጥ፤ ተነሣ።
ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ገባ፤ ደግሞ ተነሣ።
ከስድስቱ ታክል አራቱን ቆጠርኩለት።
ጋዜጣው የጻፈው ስለ ወደቀችው ኳስ ነው፣
እሱንም በግማሽ መስመር።

ማታ ቅርጫቱን ስቆጥር ዐሥራ ስድስት ሆነ።
አንዱ የት ገባ? የት እንደገባ አውቃለሁ።
መዝገቡ ላይ "ማሽኑ ቀደደው" ብዬ ጻፍኩ።
ምስኪን ማሽን፤
ሰው ቢሆን ይከሰኝ ነበር።

ሰኞ በውሰት ላኩት፣ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገው፣
ሜዳው ወደ ጥግ ያዘመመ፣ ሻወሩ ውርጭ የሆነ ቡድን፤
ቧንቧ ሠራተኛ፣ ፖስተኛ፣ የእስር ቤት ዘበኛ
ሥራ ውለው የሚሰለፉበት።
ቧንቧ ሠራተኛው መከረው፦
"ኳስ ሲወረወርልህ ዓይንህ ጎረቤት አይዋል።"
አፍንጫው እዚያ ነው የተሰበረው።

በነሐሴ ተመለሰ፤ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ጆሮው የታሸ ሊጥ፤
በሬ ላይ ቆመ፣ ፌስታል ይዞ፣ እንደ ባለዕዳ።
ያ ማልያ ነው። እናቱ ልትረዳው ብላ
ከቀይ አንሶላ ጋር አጥባው
ነጩ ሮዝ ሆኗል።
"ሰርቄው ነበር" አለ።

ወደ መብራቱ ጠጋ አደረግኩት፤
ቁጥሩ ከጫፉ ተልጧል፤
የግንቦቱ ጭቃ ግን ከደረቱ አልለቀቀም።
"ይሄን የሚያስለቅቅ መድኃኒት አለኝ" አልኩት።
አለኝም።
አላወጣሁትም።

"ለመጪው ዓመት ስንት ቁጥር ይሰጡኛል?"
"እኔ ምን አውቄ።
ካውያው እስኪግል ቁጭ በል።"